ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ድረ ገጽ ምን ይዞ ነበር?

ዛሬ ስለ ድረ ገጽ ሲነሣ የብዙ ወጣቶች ሐሳብ ቀድሞ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይሄዳል። ከአውሮፓ ውጭ ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የድር ሰርቨር ግን የቆመው ለቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነበር።

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን የድርን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የፊዚክስ ጥናት በመጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ወራት ይፈጅ ስለነበር ተመራማሪዎች ረቂቁን በፖስታ ይላላኩ ነበር። በካሊፎርኒያ የስላክ ቤተ ሙከራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እነዚህን ረቂቆች ከ1974 ጀምሮ ስፓየርስ በተባለ የመረጃ ቋት መዝግበዋል። ሆኖም ቋቱን ለመጠቀም ልዩ ትእዛዞችን ማጥናት ግድ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ኩንዝ በ1991 ሰርንን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ከሉዊዝ አዲስ ጋር (ስሟ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም!) በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ቀን ቋቱን በድር ከፈቱት። ድር በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ቶሎ የተወደደው፣ በእኔ ግምት፣ ከጀርባው ለዓመታት በጥንቃቄ የተደራጀ ካታሎግ ስለነበረ ነው።

በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የጀመረው አርካይቭ ደግሞ የረቂቆቹን ሙሉ ቃል ለማንም በነፃ ያቀርባል። ለመጽሔት የሚከፍለው ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ረቂቅ የማይለወጥ መለያ ቁጥር አለው። ስለዚህ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ አንድ ግኝት ስታነቡ ቁጥሩን ፈልጋችሁ ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ ትችላላችሁ። አርካይቭ ላይ መውጣት ብቻውን በባለሙያዎች መገምገምን አያመለክትም። ረቂቁ በየትኛው መጽሔት እንደታተመና እነማን እንደጠቀሱት የሚያሳየው፣ ስፓየርስን በ2012 የተካው ኢንስፓየር ነው።