የምስክር ቃል እንዳይጠፋ

ጭሮ ወይም አሰበ ተፈሪ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህች ከተማ ያስችላል። ከገለምሶ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከሚኤሶም ባለጉዳይ ይግባኙን ይዞ ይመጣል።

በችሎት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ሌሎች ሠራተኞችም አሉ። አንዱ የሚነገረውን ይጽፋል። አንዱ ያስተረጉማል። መቅረጸ ድምፅ ባለበት ችሎት ደግሞ አንዱ መሣሪያውን ይቆጣጠራል። ጠበቃ ያለነዚህ ሰዎች ሥራው አይሰምርለትም። ለምን?

ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ብዙውን ጊዜ ምስክሩን አያየውም። የሚያየው መዝገቡን ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ጠበቃው «ሌባውን ከምን ያህል ርቀት አየኸው?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ምስክሩ በጣቱ እያሳየ «ከዚህ እስከዚያ በር» አለ። ከወራት በኋላ መዝገቡን የሚያነበው ዳኛ በሩን ከየት ያገኘዋል? ሰውየው የታየው በአሥር ክንድ ነው ወይስ በመቶ ክንድ? መታሰርና ነጻ መውጣት በዚህ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጠበቃ «ስንት ሜትር ይሆናል?» ብሎ በቃል ያስመልሳል። ምስክሩ ራሱን ቢነቀንቅም «አዎ ነው ወይስ አይደለም?» ይለዋል። መቅረጸ ድምፅ ዓይን የለውማ!

ባለሙያውም ድርሻ አለው። ችሎቱ ሳይጀመር መሣሪያውን ይሞክራል። ድምፅ ከተቋረጠ ወዲያው ለዳኛው ይናገራል። ጠበቃውም መስመሩ እስኪስተካከል ጥያቄውን ያቆማል። በቪዲዮ በሚካሄድ ችሎት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» በሚለው፣ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል።

የቋንቋም ነገር አለ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በኦሮምኛ ይሠራሉ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 እንደሚለው፣ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል። ጠበቃው አጭር አጭር ጥያቄ ይጠይቃል፤ አስተርጓሚው እስኪጨርስም ይታገሣል። ትርጉሙ ከተሳሳተ እዚያው ያሳርማል። ነገ ቢል መዝገቡ አልፎታል።

እናንተስ ለምስክርነት ብትጠሩ? ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። በእጅ ሳይሆን በቃል መልሱ። ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ። ቃላችሁ ተጽፎ «ፈርሙ» ከተባላችሁ አስቀድማችሁ አንብቡት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ተሳስቶ የተጻፈም ይወረሳልና፣ ሳትፈርሙ አሳርሙት።