ፊደል ሥዕል ሲሆን

«ሀ» ድምፅ ብቻ ናት ወይስ መልክም አላት? መልክ እንዳላት ካሳዩን አንዱ ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1972 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1980 ደግሞ አሜሪካ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ኑሮውን እዚያው አደረገ። ፊደላችንን በሸራ ላይ ይለጥጠዋል፣ ይሰብረዋል፣ ይገለብጠዋል። ላንብበው ቢሉ ቃል አይወጣውም፤ ዓይናችን ግን ያገሩን ፊደል አይስተውም።

እኔስ? ግራና ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ አንድ ልጅ «ሀ»ን ገልብጦ «በ» ቢያስመስላት ተቆጣሁት። ለካ ልጁ መልኳን በደንብ አይቷል፤ የሳተው አቅጣጫዋን ብቻ ነው! እንግዲህ ባልንጀሮቼ፣ ማረሙን እናርም፤ ከመቆጣታችን በፊት ግን ልጁ ያየውን እንይለት።