ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለሠራተኞች ፈጠራ፦ አጋዥ ወይስ እንቅፋት?

በሥራ ዓለም ፈጠራ የሚባለው ተግባር ቢያንስ ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው አዳዲስ ሐሳቦችን ማፍለቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፈለቁት ሐሳቦች መካከል የተሻለውን መርጦ በሥራ ላይ ማዋል ነው። ሐሳብ በሚፈልቅበት ጊዜ አእምሮ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን ያገናኛል። ምርጫ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ማተኮርን ይጠይቃል። ዲጂታል ቴክኖሎጂ የሠራተኛውን ፈጠራ ያዳብራል ወይስ ያቀጭጫል ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የማይገኘውም፣ መሣሪያው ለሁለቱ ደረጃዎች እኩል ስለማይስማማ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው፣ ሜላኒ ብሩክስና ጆናታን ሌቫቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 602 ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው መደቡ። ከፊሎቹ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ከፊሎቹ ደግሞ በተለያዩ ክፍሎች ሆነው በቪዲዮ እንዲነጋገሩ ተደረገ። የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ አንድ የተለመደ ዕቃ ምን ምን አዲስ አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል በ5 ደቂቃ ውስጥ ማሰብ፣ ከዚያም በ1 ደቂቃ ውስጥ የላቀ ፈጠራ የታየበትን ሐሳብ መምረጥ። በውጤቱም በቪዲዮ የተነጋገሩት ያፈለቋቸው ሐሳቦች ቁጥር ከሌሎቹ አነሰ። በምርጫው ግን በቪዲዮ የተነጋገሩት ከሌሎቹ ወደ ኋላ አልቀሩም።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ተመራማሪዎቹ የተሳታፊዎቹን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው ነበር። በቪዲዮ የሚነጋገሩት ረዘም ላለ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ያለውን ባልደረባቸውን ሲመለከቱ፣ ክፍሉን የቃኙት ግን ለአጭር ጊዜ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች ያስታወሱትም ጥቂቱን ነው። ዓይን በስክሪን ሲታጠር ሐሳብም አብሮ የሚታጠር ይመስላል። በአንድ ዓለም አቀፍ የቴሌኮም መሠረተ ልማት ድርጅት ውስጥ በ5 አገሮች በሚሠሩ 1,490 መሐንዲሶች ላይ የተደረገው ሙከራም፣ በሐሳብ ማፍለቅ ረገድ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል። አኒል ዶሺና ኦሊቨር ሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አጫጭር ታሪኮችን እንዲጽፉ ተደረገ። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የመነሻ ሐሳብ ያገኙት ሰዎች የጻፏቸው ታሪኮች በአማካይ የተሻለ የፈጠራ ደረጃ ተሰጣቸው፤ በተለይ የፈጠራ ችሎታቸው ዝቅተኛ የነበሩት ይበልጥ ተጠቀሙ። ነገር ግን ታሪኮቹ ያለ እገዛ ከተጻፉት ይልቅ እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ። ይህ ለመሥሪያ ቤቶች ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሁሉም ሠራተኛ አንዱን መሣሪያ ቢጠይቅ የእያንዳንዱ ሐሳብ ሊሻሻል ይችላል፤ ድርጅቱ የሚመርጥባቸው አማራጮች ግን ሊጠቡ ይችላሉ።

ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያዎቹን መተው ተገቢ አይሆንም። ቪዲዮ በአካል ሊገናኙ የማይችሉ ባለሙያዎችን ያገናኛል፤ የጉዞ ወጪንም ያስቀራል። የሚያስፈልገው ሥራን በቅደም ተከተል ማስኬድ ነው። ለመመረቂያ ጥናት በቡድን የሚሠሩ ተማሪዎችም በዚህ መንገድ ሊጠቀሙ ይችላሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አባል ማንኛውንም መሣሪያ ሳይጠይቅ የራሱን ሐሳብ በወረቀት ያስፍር። ቀጥሎ ቡድኑ በአካል ተገናኝቶ ሐሳቦቹን ያበራክት። ሐሳቦቹን አወዳድሮ ለመምረጥና ሥራውን ለመከታተል ግን የቪዲዮ ስብሰባ ሊበቃ ይችላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅም የራስ ሐሳብ ከተጻፈ በኋላ ቢሆን፣ የቡድኑ ሐሳቦች ከጅምሩ አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ ይረዳል።