የስፒንድል ቁልፍ፦ መሪ ወይስ ሸክም ተሸካሚ?

የፍሬዛ ማሽን ስፒንድል ሞተሩ የሚያሽከረክረው ዘንግ ሲሆን፣ አፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ቀዳዳ አለው። መቁረጫውን የያዘው መያዣ እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ከላይ በሚወርድ ረጅም ቡሎን ተስቦ ይጠብቃል። በብዙ ማሽኖች ላይ ከዚህ በተጨማሪ መያዣውን የምትገጥም ቁልፍ ወይም ፒን አለች። ይህች ቁልፍ የግድ ታስፈልጋለች ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ስፒንድሉ ዓይነት ይለያያል።

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሚያስከትለው ኪሳራ ትንሽ አይደለም። ለምሳሌ በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የገዳሪፍ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ በኢትዮጵያ ያለው የመተማ ቆላም በሰሊጡ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ አገር እርሻው ዝናብ ጠባቂ ስለሆነ በዘር ወቅት የቆመ ትራክተር ቀን አይሰጥም። የትራክተሩ የተበላ ዘንግ በብየዳ ይሞላል፣ በቶርኖ ይስተካከላል፣ በመጨረሻም የቁልፍ ማስገቢያው ቦይ በፍሬዛ ይወጣለታል። በዚህች የመጨረሻ ሥራ ላይ መያዣው ቢንሸራተት ቦዩ ይበላሻል፤ እስከዚያ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በአነስተኛ ጋራዦችና በማሠልጠኛ ተቋማት በሰፊው የሚታወቀው የስፒንድል ዓይነት አር 8 ይባላል። ያስፋፋው በአሜሪካ የነበረው ብሪጅፖርት ኩባንያ ሲሆን የመጀመሪያውን ዝነኛ ቋሚ ፍሬዛውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በአር 8 ስፒንድል ውስጥ አንዲት ቀጭን ፒን ወደ ውስጥ ወጣ ብላ ትታያለች፤ በመያዣው ጎን ላይ ደግሞ ለእሷ የተቆረጠ ጠባብ ቦይ አለ። የፒኗ ሥራ መሪነት ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅና ሲላላ መያዣው አብሮ እንዳይዞር ትከለክላለች። መቁረጫውን የሚያዞረው ኃይል የሚተላለፈው ግን በቡሎኑ ስበት የተጣበቁት ሁለቱ ሾጣጣ ገጾች በሚፈጥሩት ሰበቃ ነው።

ስለዚህ በአር 8 ላይ ፒኗ ባትኖርም ማሽኑ ይሠራል፤ ባለሙያው ቡሎኑን ሲያጠብቅ መያዣውን በእጁ መያዝ ብቻ ይጠበቅበታል። አንዳንድ ባለሙያዎችም ሆን ብለው ያወጧታል። ምክንያቱም ቡሎኑ ሳይጠብቅ ቀርቶ መያዣው ከተንሸራተተ ፒኗ ትቆረጣለች፤ ስባሪዋም በቦዩ ውስጥ ተሰንቅሮ መያዣውን ይቸነክረዋል፣ የስፒንድሉንም ውስጥ ይፍቃል። መያዣው እየተንሸራተተ ያስቸገረው ባለሙያ የፒን መኖር ችግሩን ይፈታዋል ብሎ ማሰብ የለበትም። መፈተሽ ያለበት ገጾቹ ላይ ዘይት፣ ብናኝ ወይም ጭረት መኖሩን፣ ቡሎኑም በደንብ መሳቡን ነው።

በከባድ ፍሬዛዎችና በኮምፒውተር በሚታዘዙ ማሽኖች ላይ ያለው ነገር ሌላ ነው። በብዙዎቹ የሚገኘው ሾጣጣ በየ24 ሚሊሜትር ርዝመት ዲያሜትሩ በ7 ሚሊሜትር የሚቀንስ ነው። ሰፊ ተዳፋት ስላለው ቡሎኑ ሲላላ መያዣው በቀላሉ ይለቃል፤ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ለመቀየር የተመረጠውም ለዚህ ነው። በነዚህ ማሽኖች ላይ ሾጣጣው መያዣውን መሃል ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከባድ የማዞር ኃይልን ግን ለሰበቃ ብቻ መተው አይቻልም። ስለዚህ በስፒንድሉ አፍ ላይ ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ወፍራም ቁልፎች በቡሎን ታስረው ይገኛሉ፤ በመያዣው ትከሻ ላይ ባሉት ሁለት ቦዮችም ይገባሉ። እነዚህ ቁልፎች እንደ አር 8 ፒን መሪ ብቻ አይደሉም፤ ሸክም ይሸከማሉ። አንዱ ቢላላ ወይም ቢሰበር ማሽኑን አቁሞ መተካት ግዴታ ነው።

መሣሪያ በራሱ በሚቀይር ማሽን ላይ ደግሞ ቁልፎቹ ሌላም አገልግሎት አላቸው። ማሽኑ ስፒንድሉን በተወሰነ ማዕዘን ያቆመዋል፤ ይህም ቀያሪው ክንድ የሚያመጣው መያዣ ቦዮቹ ከቁልፎቹ ጋር እንዲገጥሙ ነው። ቀዳዳ የሚያሰፋው መሣሪያም በሚወጣበት ጊዜ የሠራውን ገጽ እንዳይቧጥጥ አቅጣጫው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ሞርስ የሚባለው ነው። ዲያሜትሩ በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚቀንስ ሲገባ ራሱን በራሱ ይጨብጣል፤ ለማውጣትም መምታት ያስፈልጋል። በመብሻ መያዣው ጫፍ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጅራት በዋናነት የሚያገለግለው በሽብልቅ መትቶ ለማስወጣት ነው። በፍሬዛ ላይ የጎን ግፊት ስላለ ግን ሞርስም ከላይ በቡሎን መሳብ አለበት።

ደንቡ አጭር ነው፦ በአር 8 ላይ ቁልፏ ምቾት ናት፣ በ7 በ24ቱ ሾጣጣ ላይ ግን ግዴታ ናት። በሁለቱም ላይ መያዣ ከመግባቱ በፊት ሾጣጣውን በንጹህ ጨርቅ መጥረግና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ መመልከት የማንኛውም ባለሙያ የዕለት ሥራ ሊሆን ይገባል።