የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው በሐኪሞች ቦርድ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ ይቅረብ

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ መምህር ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። በላስታ ደጋ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፥ በጠቅላላው 16 ዓመት መንግሥትን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከአለቃቸው የተሰጣቸውን ወረቀት አሳዩን፤ ወረቀቱም በሚጥል ሕመም ምክንያት ሥራቸውን መሥራት ይችሉ ወይም አይችሉ እንደ ሆነ እንዲመረመር በሐኪሞች ቦርድ ፊት እንዲቀርቡ የሚያዝዝ ነው። እሳቸውም «ማመልከቻ ጻፉልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉን። እኛም ማመልከቻው ይቆየን፥ ማስረጃው ይቅደም አልናቸው። ብዙ ዘመን መዝገብ ስናገላብጥ እንዳየነው፥ ጥሩ ማመልከቻ ይዞ ማስረጃ ያጣ ሰው ሲረታ እንጂ ሲረታ ሌላውን አላየንምና።

በአገራችን የጡረታ ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ተከተሉ፤ እነዚህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። ለእኒህ መምህር የሚያስፈልገው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና ለሥራው የሚያስፈልገው ጤና ጐድሎት የተሰናበተ ሰው የጤና ጉድለት የጡረታ አበል በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይቀበላል፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ግን ዳረጎት የሚባለውን አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለአራት ልጆች አባት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገንም።

የዚህ ሕመም ዳኝነት ከሌላው ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለ። እግሩ የተቆረጠ ሰው በቦርድ ፊት ሲቀርብ ጉዳቱ ራሱ ይመሰክርለታል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ግን ሕመሙ ባልተነሣበት ሰዓት እንደ ማንኛውም ጤነኛ ቆሞ ይታያል፥ ይናገራል፥ ይጽፋል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው መሣሪያ እንኳ በዚያች ሰዓት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ይህም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚፈርዱት በአብዛኛው ባላዩት ነገር ላይ ነው፤ ያላዩትንም የሚያሳያቸው የዓይን ምስክርና የተጻፈ ቀን ነው።

ይህንን ስናስብ በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ያለው አባት ትዝ ይለናል። ጌታ ልጁን ከመፈወሱ አስቀድሞ አባቱን የጠየቀው ይህ ከያዘው ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነ ነው። አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሆኑን፥ ብዙ ጊዜም በእሳትና በውኃ ላይ እንደ ጣለው አስረዳ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ይህንን ስናነብ ስለ ሰይጣኑ እንጂ ስለ አባትየው መልስ አላሰብንም ነበር። አሁን ስናየው ግን የዛሬው ቦርድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ፥ በስንት ጊዜ፥ ምን ጉዳት አድርሶ።

መምህሩን መቼ መቼ እንደ ወደቁ ብንጠይቃቸው አያውቁም። ሊያውቁም አይችሉም፤ በሚወድቁበት ሰዓት ልባቸው ከእሳቸው ጋር የለምና። የሚያውቁት ባለቤታቸው ናቸው። እኒህ ወይዘሮ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በደጋው ልማድ ቀኑን ሁሉ በታቦት ያስታውሳሉ። «የኅዳር ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፤ የአስተርእዮ ማርያም ሌሊት ከማሕሌት ሲወጡ፤ በሰኔ የላሊበላ ዕለት እምድጃው ዳር፤ ዘንድሮ የመስቀል ማግሥት ልጆቹን ሲያስተምሩ» እያሉ ቈጠሩልን። እኛም ኅዳር 12፥ ጥር 21፥ ሰኔ 12፥ መስከረም 18 እያልን ጻፍን። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 11 መውደቅ ሆነ። በእያንዳንዱም አጠገብ ምን ያህል እንደ ቈየ፥ ምላሳቸውን ነክሰው እንደ ሆነ፥ ከነቁ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት እንደ ደነዘዙ፥ ማን እንዳየ አስገባን። የሰኔው መውደቅ በግራ ክንዳቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ትቶአል፤ ጤና ጣቢያው ያከመበት ካርድም ተገኘ። የመስከረሙን ያዩ ሁለት መምህራን ቃላቸውን ጽፈው ፈረሙ።

ከዚህ ቀጥሎ የመድኃኒቱ ጕዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰዎችን መርምረው 316 ሕሙማን አግኝተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 አሳትመዋል፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ነው፤ ከእነዚያም የታወቀውን መድኃኒት የሚወስዱ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። እንግዲህ ቦርዱ «መድኃኒቱን በሚገባ ወስደሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። መምህሩ ፌኖባርቢታል ይወስዳሉ፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መድኃኒት ባልተገኘበት ጊዜ አቋርጠዋል። ይህንን መሸሸግ ፈልገው ነበር፤ እኛ ግን እንዲጻፍ አደረግን። ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጡ እየወሰዱ መውደቃቸው ቢቀንስም ፈጽሞ እንዳልቀረ የሐኪሙ ካርድ ያሳያልና፥ የተሸሸገው ነገር ቢገለጥ ኖሮ የቀረውን ሁሉ ያጠራጥር ነበር።

ጠበልን በተመለከተ ብዙ ቤተ ሰብ ይቸገራል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወቃል፤ ለዚህም ሕመም ከዚህ የተለየ ምክር ይገባዋል ብለን አናስብም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፥ በአፍም ማንኪያ መክተት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በጐኑ አስተኝቶ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፥ ከአምስት ደቂቃ ካለፈም ወደ ሕክምና ማድረስ ይበቃል።

አለቆች ለሆናችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ስለ ሠራተኛችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ «ታማሚ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ቀን እንደ ተቋረጠ፥ ወደ ሌላ ሥራ ለማዛወር ተሞክሮ እንደ ሆነ ግለጹ። ሕመሙ ያለበት ሰው ሁሉ ጡረታ ይውጣ ማለት ደግሞ ትልቅ በደል ነው፤ መዝገብ ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ብዙ ዓመት የሚያገለግል አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ያዝዛል።

ከጕዞው በፊት ሁለት ነገር አስጠነቀቅናቸው። የመጀመሪያው፥ ሐኪሞቹ ሕመሙን በዓይናቸው እንዲያዩ ብለው መድኃኒቱን እንዳይተዉ ነው፤ ይህንን ያሰበ ሰው አጋጥሞናል፥ ሞትን የሚጋብዝ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ይቀሰቅሳልና ሌሊት ተነሥቶ ከመገስገስ አንድ ቀን ቀድሞ ደርሶ ማደር ይሻላል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችልም የብዙ ቀን መድኃኒት ይዘው ሄዱ። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፥ እኛ ግን ከሁሉ ይበልጥ የፈራነው እሱን ነው። ሐኪሙ «እንደምን ነዎት?» ሲል የጨዋ ልጅ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ በቤት ምስጋና ነው፤ በቦርድ ፊት ግን ምስክርነት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባለፈው ዓመት ግን 11 ጊዜ ወድቄአለሁ፥ ዝርዝሩ ይኸው» እንዲሉ ደጋግመን አለማመድናቸው። መጀመሪያ አፈሩ፥ በኋላ ለመዱት።

ቦርዱ በታኅሣሥ አይቶአቸው ማስተማር እንደማይችሉ መሰከረ። ሥራው ያለቀ መስሎን ሳለ ሌላ ነገር ተነሣ፤ በግል ማኅደራቸው ላይ የተገኘው አገልግሎት 9 ዓመት ብቻ ነው። ቀድሞ በሌላ ወረዳ ያስተማሩበት 7 ዓመት አልተመዘገበም። በዚህ ቢወሰን ኖሮ ዳረጎቱን ተቀብለው መቅረታቸው ነበር፤ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ቢቻልም ያለ ወረቀት ምን ይባላል? ወደ ቀድሞው ወረዳ ሁለት ጊዜ ጻፍን፥ መልስ አልመጣም።

በየካቲት ባለቤታቸው መጥተው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው ሰጡን። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤ ነው፤ መምህሩ በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውት ረስተውታል። ማኅተሙ ደብዝዞአል፥ ቍጥሩና ቀኑ ግን ይነበባል። ግልባጩን ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ጋር አያይዘን ላክን፥ ዋናውን ወደ ዳዊቱ እንዲመልሱት ሰጠናቸው።