የእግር ልብስና የውሃ ጎማ፦ የ«ሆዝ» ፍቺዎችና የተርጓሚው ፈተና

«ሆዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዱ ተርጓሚ «ካልሲ»፣ ሌላው «የውሃ ጎማ» ቢለው ለሁለቱም መዝገበ ቃላት ይመሰክርላቸዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ እነዚህን ፍቺዎች እንዴት እንዳካበተ በማሳየት፣ ፍቺን ከዘመኑና ከዐውዱ ነጥሎ መውሰድ የሚያስከትለውን ጉድለት መጠቆም ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሆሳ» የእግር መሸፈኛ ነበር፤ የጀርመንኛ ዘመዱ «ሆዘ» ዛሬም ሱሪ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ወንዶች ለሚለብሱት፣ ከእግር ጋር ለሚጣበቅ ረጅም ልብስ ያገለግል ነበር። ኋላም የሴቶች ረጅም ስስ ካልሲ ተጠራበት። የቱቦው ፍቺ የተገኘው በቅርጽ ተመሳሳይነት ነው፦ እግር የሚገባበት ረጅምና ተጣጣፊ ልብስ፣ ውሃ ለሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦ ስሙን አዋሰ። በ1670ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠዓሊው ያን ፋን ደር ሄይደን በአምስተርዳም ለእሳት ማጥፊያ ያዋለው ቱቦ ከቆዳ የተሰፋ ስለነበር፣ ከልብስ እጅግም አልራቀም። እንግዲህ «ሆዝ» በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ሞክሼ ቃላት ሳይሆን ፍቺው የሰፋ አንድ ቃል ነው።

አማርኛ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። «ካልሲ»ንም «ጎማ»ንም ከጣሊያንኛ ወስዶ፣ ቱቦውን በቅርጹ ሳይሆን በተሠራበት ነገር ሰየመው። በመሆኑም የአትክልት ማጠጫውና የመኪናው ጎማ በአንድ ስም ይጠራሉ። ዛሬ ማጠጫው ከፕላስቲክ ቢሠራም «ጎማ» መባሉ አልቀረም፤ ቃሉ የተነሣበትን ነገር ረስቶታል።

ይህ ልዩነት በትርጉም ሥራ ላይ ይፈትናል። በ1623 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ስብስብ በሚገኘው «እንደ ወደዳችሁት» ውስጥ፣ ዣክ የሰውን ሰባት ዕድሜዎች ሲዘረዝር፣ ስድስተኛው ላይ የደረሰው ሽማግሌ በወጣትነቱ የለበሰው «ሆዝ» ለመነመነው እግሩ ይሰፋዋል። እዚህ ላይ «ካልሲ» ብንል ተደራሲው የሚያየው ቁርጭምጭሚትን ነው፤ የቀለጠው ባትና ያለፈው ጉልበት ከዓይኑ ይሰወራሉ። «ጠባብ ሱሪ» ብንል ግን የልብሱ ዓይነት በትክክል ባይገለጽም፣ ጠባቡ ሰፊ የሆነበት ምፀት ይተርፋል።

ስለሆነም ተርጓሚው «ቃሉ ምን ማለት ነው?» ከማለቱ አስቀድሞ «በዚህ ቦታ ምን ይሠራል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።