የመድኃኒት ቁጥሮች እንዴት ይግባባሉ?

አስፕሪንን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። ኮምፒውተር የሚያውቀው ግን በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አንድ አይደለም።

በአሜሪካ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ኤንዲሲ የሚባል ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ይታተማል። የመጀመሪያው ክፍል አምራቹን ወይም አከፋፋዩን፣ ሁለተኛው መድኃኒቱን ከነጥንካሬው፣ ሦስተኛው የማሸጊያውን ልክ ይናገራል። ስለዚህ ያው 81 ሚሊግራም አስፕሪን በትንሽና በትልቅ ብልቃጥ ሲሸጥ ቁጥሩ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ምደባ የሆነው ኤቲሲ ደግሞ ለብልቃጡ ግድ የለውም፤ የሚመድበው መድኃኒቱ በሚያክመው የሰውነት ክፍልና በሚሰጠው ጥቅም ነው። አስፕሪን ለሕመም ማስታገሻነት ኤን02ቢኤ01፣ ደም እንዳይረጋ ሲሰጥ ቢ01ኤሲ06 ነው። ለአፍ ውስጥ ሕክምና ሦስተኛ ኮድም አለው።

እንግዲህ ሰንጠረዥ ሠርተን እያንዳንዱን ብልቃጥ ከአንድ የኤቲሲ ኮድ ጋር ብናጣምርስ? የ81 ሚሊግራሙ አስፕሪን ከማስታገሻው ኮድ ጋር ከተጣመረ፣ ለልባቸው ብለው በየቀኑ የሚወስዱትን ሰዎች የሚቆጥር ተመራማሪ ጨርሶ አያገኛቸውም። ስህተቱም አይታይም፤ ሰንጠረዡ ሙሉ ነውና። ለእኔ ከባዶ ቦታ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

መፍትሔው ኦንቶሎጂ የሚባለው የእውቀት አደረጃጀት ነው። ኦንቶሎጂ ቁጥርን በቀጥታ ከቁጥር ጋር አያገናኝም፤ መሃል ላይ መድኃኒቱን ራሱን በየደረጃው ያስቀምጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው አርኤክስኖርም የሚሠራው እንዲህ ነው። ከላይ ንጥረ ነገሩ አለ፦ አስፕሪን። ከሥሩ ንጥረ ነገር፣ ጥንካሬና ቅርጽ አብረው ይመጣሉ፦ 81 ሚሊግራም የአስፕሪን ኪኒን። የንግድ ስም ያለው ምርትም የራሱ ቦታ አለው። በመካከላቸው ያለው መስመር ሁሉ ትርጉሙን ይዟል፤ አንዱ «ንጥረ ነገሩ ይህ ነው»፣ ሌላው «የንግድ ስሙ ይህ ነው» ይላል። ኤንዲሲ ከታች ከምርቱ ጋር፣ ኤቲሲ ከላይ ከንጥረ ነገሩ ጋር ይያያዛል። የአስፕሪን ኮዶች ሁሉም ይቀመጣሉ፤ የትኛው እንደሚቆጠር የሚለየው መጠኑና የታዘዘበት ምክንያት ነው።

ከአሜሪካ ለእናቱ ታይሌኖል ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። እቤት ፓራሲታሞል ካለ ሁለቱ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው፤ ተደርበው ከመጠን ካለፉ ጉበት ይጎዳሉ። በደረጃ የተሠራ ሥርዓት ሁለቱን ሽቅብ ተከትሎ ንጥረ ነገሩ ላይ ያገናኛቸዋል፣ ያስጠነቅቃልም። በአንጻሩ በአውሮፓ የተለመደውን የ75 ሚሊግራም አስፕሪን ከ81 ሚሊግራሙ ጋር «ያው ነው» ብሎ ማሰር አይፈቀድለትም። የሚገናኙት ንጥረ ነገሩ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት የሐኪም ወይም የፋርማሲስት ውሳኔ ነው።